ቁልፍ ያዡ፦ የካርቱም ሕንፃ አስተዳዳሪዎች ውሎና ትርፍ ጊዜ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ሱዳን ይሻገርና የካርቱምን ፎቅ ቤቶች የሚያስተዳድሩ ሰዎችን ሥራ ይመለከታል። ውሃ ወደ ጣሪያ የሚያወጡ፣ ኪራይ የሚሰበስቡ፣ የተከራይ ሮሮ የሚሰሙ፣ ማታ በር ዘግተው ጠዋት የሚከፍቱ ሰዎች ናቸው። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር አድማጭ እነዚህን ሰዎች የብሎክ ኮሚቴ፣ የማኅበር ሰብሳቢ ወይም ጥበቃ እያለ ይጠራቸዋል። ካርቱም ላይ ያው ሥራ በሌላ አደረጃጀት ሲሠራ ኖሯል። በዝግጅታችን የሱዳኑን ዘመን እንደ አውሮፓውያን፣ የኛን ደግሞ በኛው አቆጣጠር እንጠራለን።

ካርቱም ለረጅም ጊዜ ወደ ጎን የተዘረጋች ከተማ ነበረች። ሰፊ ግቢ፣ ግቢው ውስጥ የኒም ዛፍ፣ ሲመሽ ደጅ የሚወጣ ጠፍር አልጋ፤ የቤተሰብ ኑሮ ይኸው ነበር። ሱዳን በ1999 ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ ስትጀምር ገንዘቡ ወደ ግንባታ ጎረፈ። ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተ ምዕራብ ባለው አማራት፣ በስተ ምሥራቅ ባሉት ሪያድና ጣኢፍ ሰፈሮች የግቢ ቤቶች እየፈረሱ አራትና አምስት ፎቅ ሕንፃዎች ተተኩባቸው። በሊቢያ ገንዘብ የተሠራው፣ የተነፋ ሸራ የሚመስለው ቡርጅ አል ፋቲሕ ሆቴል በ2008 ዓባይ ዳር ተከፈተ። የጋዜጦችን ዓይን የሳበው እሱ ቢሆንም የከተማዋን ኑሮ የለወጡት ግን ስም የሌላቸው ባለ አራት ፎቆቹ ናቸው።

የእነዚህ ሕንፃዎች ባለቤት ብዙውን ጊዜ አንድ ቤተሰብ ነው። አባት በራሱ ቦታ ላይ ይሠራል፤ ምድር ቤቱን ራሱ ይይዛል፣ አንዱን ፎቅ ለተዳረ ልጅ ይሰጣል፣ የቀረውን ያከራያል። ገንዘቡን የሚልከው ጅዳ፣ ዶሃ ወይም ዱባይ የሚሠራው ልጅ ነው። የሕንፃው አናት ላይ ፌሮው ሳይቆረጥ ቆሞ የሚታየውም ለዚህ ነው፤ የሚቀጥለው ፎቅ የሚቀጥለውን ዓመት ደሞዝ ይጠብቃል። ባለቤቱ ባሕር ማዶ ሆኖ ሕንፃው ካርቱም ስለሚቀር በመካከል ሰው ያስፈልጋል።

ያ ሰው በተግባር ሁለት ሰው ነው። አንዱ ወኪል ይባላል። የአጎት ልጅ፣ ጡረታ የወጣ መምህር ወይም የደላላ ቢሮ ያለው ነጋዴ ሊሆን ይችላል። ውል ይፈርማል፣ ኪራይ ይቀበላል፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጠራል፣ የወሩን ሒሳብ በስልክ ይልካል። ሁለተኛው ገፊር ነው፤ ዘበኛው። በሩ ሥር ያድራል፣ ደረጃ ያጥባል፣ ፓምፕ ያስነሣል፣ ማን እንደ ገባና ማን እንደ ወጣ ያውቃል። ብዙዎቹ ገፊሮች ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር የመጡ ሲሆኑ ደቡብ ሱዳናውያንም ኢትዮጵያውያንም አሉባቸው። ግንባታው ባላለቀ ሕንፃ ደግሞ ገፊሩ ሚስትና ልጆቹን ይዞ ግድግዳው ባልተለሰነ ክፍል ይኖራል። ኪራይ አይከፍልም፤ ሲሚንቶውንና ፌሮውን ይጠብቃል። ሕንፃው ተጠናቆ ተከራይ ሲገባ ቤተሰቡ እቃውን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ጅምር ሕንፃ ይሄዳል። በአብዛኞቹ የካርቱም አዳዲስ ቤቶች መጀመሪያ የኖረው ሰው እሱ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ይህን ከኛው ጋር እናስተያየው። በኢትዮጵያ የጋራ ሕንፃ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። አዋጁ ኮንዶሚኒየም የሚለው አምስትና ከዚያ በላይ በተናጠል የተያዙ ቤቶችና የጋራ መጠቀሚያዎች ያሉትን ሕንፃ ነው፤ ወደ ላይ የቆመ ፎቅም ሆነ በተርታ የተሠራ ቤት። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ የፍሳሽ መስመሩና ግቢው የሁሉም ነው። ባለቤቶቹ ማኅበር ያቋቁማሉ፣ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራሉ፣ ለጋራ ወጪው ያዋጣሉ። በወረቀት ላይ ጥሩ ሕግ ነው። በተግባር ግን ሰብሳቢው ቀን ሌላ ሥራ ውሎ ማታ የሚመጣ፣ ያለ ክፍያ የሚያገለግል ጎረቤት ነው። መዋጮ ያልከፈለውን ሰው በማግስቱ ጠዋት ደረጃ ላይ ሰላም ማለት አለበት። ካርቱም በተቃራኒው ጉባኤም መተዳደሪያ ደንብም የሌለው ሕንፃ ሞልቷል፤ የሚጠየቅ ሰው ግን አለ። እኛ ዘንድ ሕጉ ተሟልቶ ሥራዬ ብሎ የሚይዘው ጠፋ፤ እነሱ ዘንድ ሥራዬ ብሎ የያዘው ሰው የሚደገፍበት ሕግ ሳሳ። የዝግጅቱ አቅራቢ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ቢባል ፓምፑ ሲቆም የሚነሣ ሰው ያለበትን ሕንፃ ይመርጣል።

ፓምፑን ካነሣን ወደ ውሃው እንለፍ፤ የዚህ ሥራ ግማሹ ውሃ ነውና።

የከተማው ውሃ ግፊቱ ደካማ በመሆኑ ወደ ላይኞቹ ፎቆች በራሱ አይወጣም። ምድር ላይ ባለ ማጠራቀሚያ ይገባል፤ ከዚያ ፓምፕ ወደ ጣሪያው ሮቶ ይገፋዋል፤ ከሮቶው በራሱ ክብደት ወደ ቤቶቹ ይወርዳል። እዚህ ላይ ተከራይ ብዙ ጊዜ የማይረዳው ነገር አለ። አሥር ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚሰጠው ግፊት ከአንድ የከባቢ አየር ግፊት ጋር ይስተካከላል። ስለዚህ ከሮቶው አሥራ ሁለት ሜትር ዝቅ ብሎ ያለው ምድር ቤት ቧንቧው ሲከፈት ይፈነጥቃል፤ ከሮቶው ሥር ሁለት ሜትር ላይ ያለው የመጨረሻ ፎቅ ግን ሻወሩ ይንጠባጠባል። የላይኛው ተከራይ ውሃ ተከለከልኩ ብሎ ገፊሩን ይቆጣል። ገፊሩ የፊዚክሱን ሕግ በስሙ ባያውቀውም መፍትሔውን ያውቀዋል፤ ሮቶውን ከሶሌታው ከፍ ባለ የብረት እግር ላይ ማስቀመጥ። ያም ገደብ አለው። ሁለት ሺህ ሊትር ውሃ ሁለት ቶን ይመዝናል፤ ሲሠራ ያልታሰበለት ጣሪያ ላይ ሁለትና ሦስት ሮቶ የደረደረ ባለቤት ስንጥቁን በራሱ ገንዘብ ይገዛዋል።

ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሰኔ የካርቱም ሙቀት 40 ዲግሪን ማለፉ የተለመደ ነው። ሮቶው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል፤ ከሰዓት በኋላ የቀዝቃዛው ቧንቧ እጅ ያቃጥላል። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ሌላ ፈተና ይከተላል። ጥቁር ዓባይ በክረምት ሞልቶ ሲደርስ ከኢትዮጵያ ደጋ የጠረገውን አፈር ይዞ ነው። የማጣሪያ ጣቢያዎቹ ድፍርሱን መቋቋም ሲያቅታቸው ምርት ይቀንሳል፣ በቧንቧም ቡናማ ውሃ ይመጣል። ጎጃም ውስጥ ያለ ገበሬ ማሳው ሲሸረሸር የሚያየው አፈር ካርቱም ያለ ገፊር ከምድር ማጠራቀሚያው በአካፋ የሚያወጣው ደለል ይሆናል። እርከን ሠርታችሁ የምታውቁ አድማጮች ይህን ወሬ ከሌላው ሰው ለየት አድርጋችሁ ትሰሙታላችሁ።

ከውሃው ሳንርቅ፣ ካርቱምን በበጋ የሚያኖራት ማቀዝቀዣም በውሃ የሚሠራ ነው። መስኮት ላይ የሚገጠም የቆርቆሮ ሣጥን ነው። በሦስት ጎኑ ጭድ የመሰለ የእንጨት ፍቅፋቂ የታጨቀበት ክፈፍ አለ፤ ትንሽ ፓምፕ ውሃ ያርከፈክፍበታል፤ ማራገቢያው ደረቁን የውጭ አየር በእርጥቡ ጭድ ውስጥ ስቦ ወደ ቤት ያስገባል። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት ያንኑ ውሃ ከመቀዝቀዣው ነጥብ እስከ መፍላት ለማድረስ ከሚያስፈልገው ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። ያ ሙቀት የሚወሰደው ከአየሩ ስለሆነ አየሩ ይቀዘቅዛል። ኮምፕረሰር ካለው ኤሲ ጋር ሲወዳደር የሚበላው ኤሌክትሪክ ጥቂት ነው። ደካማ ጎኑ ደረቅ አየር መፈለጉ ነው፤ በነሐሴ እርጥበት ላይ ማቀዝቀዙ ቀርቶ ቤቱን ያጨፈግጋል። ጭዱም የወንዙ ውሃ ጨውና የነፋሱ አቧራ እየተጋገረበት ይደድራል። ስለዚህ ሙቀቱ ከመግባቱ በፊት የሁሉንም ቤት ጭድ ማስቀየር የገፊሩ የዓመቱ ትልቁ ዘመቻ ነው። ሐቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲመጣ ደግሞ ማራገቢያውን ማጥፋት የረሳ ተከራይ ቤቱን በአካፋ ነው የሚያጸዳው።

ዝናቡስ? ካርቱም ዝናብ አታውቅም የሚሉ አሉ። በነሐሴ 1988 መጀመሪያ በአንድ ቀን 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ወርዶባት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ቤት አልባ አድርጓል። በ2020 ደግሞ ጥቁር ዓባይ ካርቱም ላይ 17.66 ሜትር ደርሶ የ1946ንና የ1988ን ከፍታ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ጠንቃቃ ወኪል በሰኔ የጣሪያ አሸንዳ ሳያስጠርግ አያድርም።

ስለ ፍሳሹ ብዙ አንልም፤ ሰዓቱም የምሳ ነው። የከተማዋ የፍሳሽ መስመር በ1950ዎቹ የተዘረጋና ጥቂቱን ሰፈር ብቻ የሚደርስ ስለሆነ አብዛኛው ሕንፃ ሴፕቲክ ታንክና ጥልቅ የማስረጊያ ጉድጓድ አለው። ጉድጓዱ ሲሞላ መምጠጫ መኪና ይጠራል፤ ወጪውን ማን ይክፈል የሚለው ክርክር ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል።

ገንዘብ ሌላው ራስ ምታት ነው። አሜሪካ በ1997 የጣለችው ማዕቀብ በ2017 እስኪነሣ ሱዳን ከዓለም የባንክ ሥርዓት ተቆርጣ ኖረች። የሊፍት መለዋወጫ በሦስተኛ አገር ዞሮ ይመጣ ነበር፣ ዋጋውም እንደዚያው። በ2011 ደቡብ ሱዳን ስትለይ ሱዳን ከነዳጇ ሦስት አራተኛ ያህሉን አጣች። በየካቲት 2021 መንግሥት የፓውንዱን ይፋዊ ምንዛሪ በአንድ ጊዜ ከ55 ወደ 375 ለአንድ ዶላር አወረደው፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የዋጋ ንረቱ ከ400 በመቶ በላይ ነበር። በጥር የተፈረመ የአንድ ዓመት ኪራይ በሐምሌ ምን እንደሚገዛ እናንተው አስቡት። ወኪሎች ለዚህ ሁለት መላ ዘየዱ። ለውጭ ድርጅቶችና ለኤምባሲ ሠራተኞች በዶላር ማከራየት አንዱ ነው፤ አማራትና ሪያድ በዚህ የታወቁ ነበሩ። ሌላው የውሉን ዕድሜ ወደ ሦስትና ስድስት ወር ማሳጠር ነው። ሁለተኛው መላ ለባለቤቱ መዳኛ ሲሆን ለተከራዩ ግን በየሦስት ወሩ እቃ የመጠቅለል ሥጋት ነው። በመካከል የሚቆመው ወኪል ጠዋት ከዶሃ ተቆጥቶ የሚደውል ባለቤት፣ ማታ በሩ ላይ ቆሞ የሚለምን ተከራይ አለበት። የተለመደው የወኪል ሐሜት፣ ኪራዩን አሳንሶ ነገረን ወይም የጥገናውን ዋጋ አጋነነ የሚለው፣ ብዙ ጊዜ እውነት ይኖረዋል። የፓውንዱ ዋጋ በየሳምንቱ በሚለዋወጥበት አገር ግን ሐቀኛውንም ሰው ሌባ የሚያስመስል ሒሳብ መሥራት ቀላል ነው።

የኛ ሰው በዚህ ሥርዓት ውስጥ የት ነበር? ከአማራት አጠገብ ባለው ደይም፣ በጥቁር ዓባይ ዳር ባለው ጅረፍ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ለዓመታት ሰፍረዋል፤ በደርግ ዘመን በስደት የሄዱ፣ በኋላም በመተማና ገላባት በኩል ሥራ ፍለጋ የተሻገሩ። አንድ ቤት ለብዙ ሆኖ መከራየት የተለመደ ነበር። ወኪሉ ውሉን ከተከራዮቹ ሴቶች ካንዷ ጋር ይፈርማል፤ ክፍሎቹን ለሴቶቹ የምታደላድለው፣ የመብራት ካርድ የምታስሞላው፣ ኪራዩን በወሩ መጨረሻ የምትሰበስበው እሷ ናት። ማንም የሥራ መጠሪያ አልሰጣትም እንጂ የቤት አስተዳዳሪ ማለት እሷ ነበረች። ቀን ሌላ ሰው ቤት አጽድታ ወይም ሻይ ሸጣ ውላ፣ ማታ የውሃና የመብራት ጭቅጭቅ ትዳኛለች።

የሻይ ሻጮቹ ነገር ከሕንፃ አስተዳደር ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። በእያንዳንዱ ትልቅ ሕንፃ ጥግ፣ ኒም ሥር፣ ከሰል አቀጣጥላ የምትቀመጥ ሴት አለች። ሱዳናዊት ወይም ሐበሻ ልትሆን ትችላለች። ባዶ ቤት መኖሩን ደላላው የሚሰማው እሷ ዘንድ ነው፤ የቧንቧ ሠራተኛው የሚጠበቀው እሷ ዘንድ ነው። የሻይና የምግብ ሻጮችን ማኅበር የመራችው አወዲያ ማሕሙድ ኮኮ በ2016 ከአሜሪካ የዓለም አቀፍ የጀግና ሴቶች ሽልማት የተቀበለችው ለእነዚህ ሴቶች መብት በመሟገቷ ነው። በሕዝብ ሥርዓት ሕግ ስም የፖሊስ አፈሳ ሲመጣ ምድጃና በርጩማዋን ግቢ ውስጥ አስገብቶ የሚደብቅላት ያው ገፊሩ ነበር። ያ ሕግ በ2019 ተሽሯል።

ገፊሩም ወኪሉም ሲያርፉ ምን ይወዳሉ? ኳስ ቀዳሚው ነው። አንዱ የሂላል፣ ሌላው የመሪኽ ደጋፊ ከሆነ በአንድ በር ሁለት መንግሥት አለ። በ1930 የተመሠረተው ሂላልም ሆነ ባላንጣው መሪኽ ሜዳቸው ኦምዱርማን ነው፤ ድልድዩን ተሻግሮ መሄድ ያልቻለ ገፊር ግጥሚያውን በራዲዮ ይከታተላል። ራዲዮ ኦምዱርማን ከ1940 ጀምሮ ያለ ጣቢያ ስለሆነ በአያቱም በልጁም ጆሮ አንድ ድምፅ ነው። ሌሊት ደግሞ ዘፈን አለ። ሱዳናዊውን ዘፋኝ ሙሐመድ ወርዲን አዲስ አበባ ያሉ የዕድሜ ባለጸጎችም ያውቁታል፤ ሱዳን ውስጥም የጥላሁን ገሠሠን ዜማ የሚያንጎራጉር ሽማግሌ ማግኘት አይገርምም። ካርታ ይጫወታሉ፤ ኮንካን የሚባለው ጨዋታ ሲጋጋል ፓምፑ ተረስቶ ሮቶው ይፈስሳል፤ ይህ የሚታወቅ ጥፋት ነው። አትክልትም አለ። በር ላይ ያለች አንዲት ክንድ ሣር ከማቀዝቀዣዎቹ በሚንጠባጠበው ውሃ ትለመልማለች፤ ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አይከፍለውም፣ ገፊሩ ግን ጥዋት ጥዋት ይኮተኩታታል። ለመንገደኛ የሚቀመጠውን የሸክላ ጋን፣ ዚር የሚሉትን፣ መሙላትም የሚታየው እንደ ጽድቅ ነው።

ይህ ሁሉ በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ተቋረጠ። ለኛ ቅዳሜ ሹር፣ ለእነሱ የረመዳን ማብቂያ ሳምንት ነበር። በጦር ሠራዊቱና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል የተጀመረው ውጊያ ከተማዋን አዳረሰ። የሰሜን ካርቱም (ባሕሪ) የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራ አቆመ። ከካርቱም ግዛት ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰው ተፈናቀለ። ተከራዮች ሲሸሹ ቁልፋቸውን ለገፊሩ ሰጡ፤ ወኪሎችም ራሳቸው ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ ካይሮ፣ ወደ መተማ ሄዱ። ብዙ ሕንፃዎች ውስጥ የቀረው ገፊሩ ብቻ ነበር። መሄጃ ስለሌለው የቀረ አለ፤ አደራ በልቼ አልሄድም ያለም አለ። በር ተሰብሮ ከተዘረፈው የቤት እቃ በኋላ የግድግዳ ሽቦ ለመዳቡ ሲባል እየተመዘዘ ወጣ፤ ትራንስፎርመርም ተፈታ። የታላቁ ናይል ነዳጅ ኩባንያ ሕንፃ በመስከረም 2023 ሲነድ ዓለም አየው፤ ባለ አራት ፎቆቹን ያየላቸው የለም።

ሠራዊቱ ቤተ መንግሥቱን በኛ አቆጣጠር መጋቢት 12 ቀን 2017 መልሶ ያዘ፤ በግንቦት ወር ደግሞ ካርቱም ግዛት ከተቃራኒው ኃይል ነፃ መሆኗን አስታወቀ። ሰዎች መመለስ ጀምረዋል። ለሚመለስ ወኪል ሥራው የሚጀመረው ከዜሮ ነው። ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ መኖሩ ሳይጣራ ወደ ክፍሎቹ አለመግባት፤ ሽቦው በሙሉ እስኪፈተሽ መብራት አለማስቀጠል፤ የቆመው ውሃ ከሮቶውና ከምድር ማጠራቀሚያው ተደፍቶ ሁለቱም በክሎሪን ሳይታጠቡ ለመጠጥ አለማዋል። ከዚያ ሒሳቡ ይመጣል። የባለቤቱን የሽቦና የበር ወጪ፣ የተከራዩን ቅድሚያ የከፈለውን ኪራይ፣ የሁለት ዓመት የገፊሩን ደሞዝ አንድ ወረቀት ላይ ማስፈር የወኪሉ ፈንታ ነው። ባለቤቱ ሽቦውን፣ ተከራዩ ኪራዩን ያስቀድማል። በዚህ ዝግጅት አቅራቢ አስተያየት ግን ሕንፃው ሥር የከረመ ገፊር ካለ፣ ከመጀመሪያው ኪራይ ላይ ቀድሞ መከፈል ያለበት የእሱ ደሞዝ ነው።